ጃንጥላውን ተይው፣ ነጠላሽን ያዢ

ጃንጥላውን ከሻንጣው አውጪው፣ እህቴ። የኤድንብራን ንፋስ አታውቂውም፤ እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሰብሮብኛል። ቆብ ያለው የዝናብ ካፖርት ይበቃሻል። ነጠላሽን ግን ያዢ፤ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

እዚያ ሆነሽ «እንግሊዝ እንዴት ደስ ትላለች» እንዳትዪ። አገሩ ስኮትላንድ ነው፤ በ1707 ፓርላማቸው ከእንግሊዝ ጋር ቢዋሐድም ሕጋቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው የራሳቸው ሆነው ኖረዋል። ብሪታንያ ብትዪ ያልፉሻል፤ እንግሊዝ ካልሽ ፊታቸው ሲለወጥ ታዪዋለሽ። (ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።)

ወንዶቹ የሚለብሱትን ኪልትም «ወንድ ቀሚስ ለበሰ» ብለሽ እንዳትስቂበት፣ አደራ። በ1746 ያመፁት የሰሜኑ ደጋ ሰዎች ጦር ኩሎደን ሜዳ ላይ ከተሸነፈ በኋላ ያንን ልብስ መልበስ በሕግ ተከልክሎ ነበር። የለበሰ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ዳግመኛ ከተያዘ ባሕር ማዶ ይጋዛል። ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የአባትሽን ልብስ ከሣጥን ማውጣት ሲያስፈራሽ አስቢው! ከዚያም ባለርስቶቹ መሬቱን ለበግ ፈለጉትና ስንቱ ቤተሰብ ከቀዬው ተፈናቀለ፤ ብዙዎቹ በመርከብ ካናዳ ገቡ። ወደ ሰሜን ስትጓዢ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ቤት ካጋጠመሽ፣ ስልክሽን ከማውጣትሽ በፊት ትንሽ ቁሚ። እኔ አንዱ ውስጥ ገብቼ፣ እሳት ይነድበት በነበረው ጥግ ሳማ በቅሎ አይቻለሁ። በጉ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኛል። እስከ ማታ ድረስ ማውራት አቃተኝ።

ሃጊስን አትፍሪው። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ ከአጃና ከሽንኩርት ጋር በቁንዶ በርበሬ የተቀመመ ነው፤ ዱለት እየበላች ያደገች ልጅ ምን ያስደነግጣታል? የሱቁን ስትገዢ ግን የአሳማ ነገር እንዳለውና እንደሌለው ጽሑፉን አንብቢ። ለጾምም ከምስርና ከባቄላ የሚሠራ አላቸው።

ኬሊ የሚሉት ጭፈራ ላይ ከጋበዙሽ ደግሞ «አልችልም» ብለሽ ወንበር ላይ እንዳትቀሪ። እርምጃውን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አለ፤ አዛውንትና ሕፃን አብረው ይገባሉ። እኔን አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው እናት ክርኔን ጨምድደው ይዘው አሽከረከሩኝ፤ ስሳሳት በዓይናቸው እየመሩ መለሱኝ።

ነጠላው እንግዲህ። ፕሪንስስ ጎዳና ምዕራብ ጫፍ ላይ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ስንት ዘመን እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ኖሯል። በ2001 አንድ ቄስ አገኙት፤ ምን እንደሆነ ገባቸው፤ በ2002 ወደ አገሩ ተመለሰ። አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡ በእልልታ ነው የተቀበለው። ሌላው ቦታ ስንት ንብረታችን በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ሲያከራክር፣ እነዚህ ሰዎች ግን ይዘውት የቆዩት የእኛ መሆኑን ሲያውቁ መለሱት። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ የኋላው ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። አንቺም ግቢና ተቀመጪ፤ ስትወጪ በር ላይ ያለውን ሰው ከየት እንደመጣሽ ንገሪውና በእኔም ስም አመስግኚልኝ።