ቡና ሲደፋ የማንን ምክር እንስማ?

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ጀበናው ተገልብጦባት ክንዷ ተቃጠለ። አንዷ ጎረቤቴ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ እንቁላል አለች፤ ቲክቶክ ላይ ደግሞ በረዶ ይላሉ። ለወደፊቱ ማንን ልመን?
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎን ይማርልን። ከሦስቱ አንዱም አይሆንም። ቡናው ከተጠረገም በኋላ ሙቀቱ ቆዳውን መጉዳቱን ይቀጥላል። የጥርስ ሳሙና ቁስሉን ያስቆጣል፣ ለምርመራም ያስቸግራል፤ ጥሬ እንቁላል ጀርም ያስገባል፤ በረዶ ራሱ ቆዳ ይጎዳል።

ዋናው መድኃኒት ውሃ ነው። ልብሷንና አምባሯን ካልተጣበቀ አውልቀው፣ ክንዷን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያቆዩ። ልጅ እያለቀሰች 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ቢሆንም አያሳጥሩት። የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ሌላ ሰውነቷን ከብርድ ይሸፍኑ። ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሸፍኑት፤ ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡ።

ቃጠሎው ከመዳፏ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከነካ፣ ቆዳው ከነጣ፣ አሁንም ቢሆን ካመረቀዘ ወይም ካተኮሳት ፈጥነው ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።

ለሌላው ጊዜ የቀበሌዎን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቁ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ የአምቡላንሱን ቁጥር፣ 907ን፣ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።