ዓባይን በሰው አገር አየሁት

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ግን ዓባይን ሳላይ ዓባይን አመሰግን የነበርሁ ሰው ነኝ። ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ከብዙ ዓመት በፊት በሰው አገር ሲኒማ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የተናገርሁት አንድ ትንሽ ውሸት ነው። ዛሬ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ለተማሪዎቼ «ያላያችሁትን አየን አትበሉ» ስል፤ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት መናገር የሚገባኝ ይመስለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1998 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት ስጠባበቅ፤ በአሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ክረምቱን እርስዋ ዘንድ እንዳሳልፍ ቲኬት ላከችልኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ ከከተማው ወጥቼ የማውቀውም ደብረ ዘይትንና አዳማን ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ እኅቴ የስምንት ዓመት ልጅዋንና እኔን ይዛ በከተማው ወዳለው የሳይንስ ቤተ መዘክር ወሰደችን። በዚያም አይማክስ የሚባለውን ታላቅ ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ቤቱ እንደ ሌላው ሲኒማ ቤት አይደለም። ከፊት ለፊት የተሰቀለ አራት ማዕዘን ሸራ የለውም፤ መጋረጃው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከራስ በላይ የተደፋ ነው። የተሠራውም ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ነው። ቀዳዳዎቹ የተበጁት ከጀርባው ያሉት የድምፅ ማጉያዎች ድምፃቸው ወደ ተመልካቹ እንዲያልፍ ነው። ወንበሮቹ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሲሆኑ ደረጃው ገደል ይመስላል።

መኪናውን የሚያሠራው ሰው ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት በመስታወት በኩል አሳየን። እስቲ ደብተራችሁን አውጡና አብረን እናስላ። በተለመደው የሲኒማ ፊልም፤ ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር ሆኖ፤ አንዱ ሥዕል 4 የጠርዝ ቀዳዳዎችን ይይዛል፤ ፊልሙም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የአይማክስ ፊልም ግን ወርዱ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚሄደውም በአግድም ነው፤ አንዱ ሥዕል 15 ቀዳዳዎችን ይይዛል። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለው ርቀት 4.75 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፤ አንዱ ሥዕል 71.25 ሚሊ ሜትር ፊልም ይወስዳል ማለት ነው። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕሎች ስለሚያልፉ፤ ፊልሙ በሴኮንድ 1.71 ሜትር፤ በደቂቃ ደግሞ 102.6 ሜትር ይሮጣል። ተራው ፊልም በደቂቃ የሚሄደው 27 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ለ45 ደቂቃ ትርኢት ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ፊልም ያስፈልጋል።

ይህን ያህል ሰፊ ፊልም በዚያ ፍጥነት በጥርስ እየጎተቱ ማስኬድ ፊልሙን ይቀድደዋል። መድኃኒቱን ያገኘው ሮን ጆንስ የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ ፊልሙ እንደ ባሕር ሞገድ እየታጠፈና እየተዘረጋ የሚያልፍበትን ብልሃት ፈለሰፈ። የሥዕሉ ስፋት ከተራው ሥዕል ከ9 እጥፍ በላይ ስለ ሆነ፤ ምስሉ በጉልላቱ ሙሉ ሲዘረጋ አይደበዝዝም። የሚያበራውም የዜኖን መብራት እስከ 15,000 ዋት ኃይል ሊወስድ ይችላል፤ ይኸውም 250 ባለ 60 ዋት አምፖሎች አንድ ላይ እንደ መብራት ነው። ስለዚህ እንዳይቃጠል በውሃ ይቀዘቅዛል።

የዚህ ሲኒማ መሥራቾች ግሬም ፈርጉሰን፤ ሮማን ክሮይተር፤ ሮበርት ኬርና ዊልያም ሾ የተባሉ ካናዳውያን ናቸው። በእንግሊዞች አቆጣጠር በ1967 በሞንትሪያል በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤክስፖ ላይ በብዙ መኪናዎች በአንድ ጊዜ የሚታዩ ፊልሞች ቀርበው ነበር፤ «ለምን በአንድ ትልቅ መኪና አይሆንም?» የሚለው አሳብ የመጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ፊልማቸው በ1970 በጃፓን አገር በኦሳካ ታየ፤ የመጀመሪያው ቋሚ ቤት በ1971 በቶሮንቶ ተከፈተ፤ ባለ ጉልላቱም በ1973 በሳን ዲዬጎ ሥራ ጀመረ።

መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ እንደ ተጀመረ የወንበሬን ክንድ ጨብጬ ያዝሁ። በጀልባ ላይ ያለን መሰለኝ፤ ሆዴም ተገለባበጠ። ምክንያቱ ይህ ነው። በውስጥ ጆሮአችን ውስጥ ሚዛናችንን የሚጠብቁ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበቶች አሉ። ምስሉ ዳር ዳሩን ሳይቀር ዓይናችንን ሲሞላው፤ ዓይን «እየሄድን ነው» ይላል፤ ጆሮ ግን «ቆመናል» ይላል። አንጎልም በሁለቱ ምስክሮች መካከል ግራ ይጋባል። በአውቶቡስ ተቀምጣችሁ ሳለ በጎን ያለው አውቶቡስ ሲነሣ የእናንተው የተነሣ የመሰላችሁ ጊዜ የለምን? ይኸው ነው። ዓይንን ጥቂት መጨፈን ይበቃል።

ፊልሙ በእንግሊዞች አቆጣጠር በ2005 የወጣው «የዓባይ ምሥጢር» የተባለው ነው። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከጥቁር ዓባይ ምንጭ ተነሥተው በጎማ ጀልባና በካያክ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፤ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ዓ.ም. ሜዲትራኒያን ባሕር ዳር እስክንድርያ መድረሳቸውን ያሳያል። የአገሬ ወንዝ ከራሴ በላይ፤ ከቀኜና ከግራዬ እየጮኸ ሲወርድ ደረቴ ተነፋ። በዚህ ጊዜ የእኅቴ ልጅ እጄን ይዞ፤

«አጎቴ፤ አንተ በዚያ ወንዝ ዋኝተሃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎን፤ ብዙ ጊዜ» አልሁት።

እኅቴ ሰምታለች፤ ግን ምንም አልተናገረችም። ልጁ ያን ሳምንት ለጓደኞቹ ሁሉ፤ «አጎቴ አዞ ባለበት ወንዝ ይዋኛል» እያለ አወራ። ስሸኝም፤ «ከዋኘህበት ቦታ አንድ ድንጋይ ላክልኝ» አለኝ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የቆረቆረኝ እርሱ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

በነሐሴ መጨረሻ ከአባቴ የመሳፈሪያ ገንዘብ ለምኜ በአውቶቡስ ወደ ጎሐ ጽዮን ሄድሁ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ከላይ ካፖርት ለብሼ ነበር፤ ታች ስደርስ ሸሚዜ በላብ ራሰ። በየ1,000 ሜትሩ ዝቅታ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ እንደሚጨምር በክፍል ተምሬ ነበር፤ በቆዳዬ ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው። በገደሉም ላይ የምድርን ታሪክ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድሮ አየሁ፤ ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፤ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፤ ከዚያ ጂፕሰም፤ ከሁሉ በታች አሸዋማው ድንጋይ።

ወንዙ ግን በፊልሙ ያየሁት ወንዝ አልነበረም። ተጓዦቹ ያለፉት በበጋ ነው፤ እኔ የደረስሁት በክረምት ነው። ውሃው አፈር ተሸክሞ ጠቁሮና ደፍርሶ፤ ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ወደ ግብፅ ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነው፤ አብዛኛውም የሚሄደው በእነዚህ በጥቂት የክረምት ወራት ነው። ያ የደፈረሰ ውሃ የገበሬዎቻችን ማሳ መሆኑን ሳስብ አዘንሁ። ይህንን ያህል ሰፊ መጋረጃ እንኳ አንዱን ወቅት እንጂ ዓመቱን ሙሉ አያሳይም።

በመንገድ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ አብረውኝ ወረዱ። ልዋኝ እንደ መጣሁ ስነግራቸው፤ «ልጄ፤ እናትህ አንተን የወለደችህ ለዓባይ ነውን? እጅህን ታጠብና ተመለስ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ከዳገቱም ላይ አንድ ቀይ አሸዋማ ድንጋይ አንሥቼ ለልጁ ላክሁለት፤ ከደብዳቤው ጋር፤ «ዋኝቻለሁ ያልሁህ ውሸት ነው። ያን ቀን ዓባይን የማየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ አብረን ነው ያየነው። አሁን ግን እጄን ታጥቤበታለሁ» ብዬ ጻፍሁለት። መልሱ ከወር በኋላ መጣ፤ «እንግዲያውስ በሚቀጥለው አብረን እንታጠባለን» የሚል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንዲሁ አደረግን።

ይህን ስል ፊልሙን ለማጣጣል አይደለም። ከጉባ በላይ ያለው የዓባይ ሸለቆ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በሕዳሴው ግድብ ውሃ እየተሞላ ዛሬ ሐይቅ ሆኖአል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆአል። ተጓዦቹ በዚያ ሲያልፉ የነበረውን ወንዝ ማንም ወርዶ ሊያየው አይችልም፤ ትዝታውን የያዘው ፊልሙ ነው። ደግሞስ ያ ጉልላት ባይኖር እኔ ወደ ጎሐ ጽዮን መች እሄድ ነበር?

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፤ ፊልም ስታዩ በደስታ እዩ፤ መኪናው እንዴት እንደሚሠራም መርምሩ። ነገር ግን «አይተሃልን?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሕፃን ቢኖር፤ «በፊልም አይቻለሁ» ማለት ነውር አይደለም። ወላጆችም ብትችሉ ለልጆቻችሁ የአንድ ቀን መሳፈሪያ ስጡአቸው፤ አባቴ የሰጠኝ ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን አላለቀም።