ብርዱ ከሥር ነው

ልጄ፣ በሴፕቴምበር ከጓደኛህ ጋር ቀስት ይዛችሁ ወደ ፍላት ቶፕስ ለኤልክ አደን እንደምትወጡ እናትህ ነገረችኝ። እንቁጣጣሽን ተራራ ላይ ልታሳልፈው ነው ማለት ነው። ደስ ብሎኛል። ቀስቱን፣ ጫማውንና መነጽሩን ከገዛህ በኋላ ለመኝታ የተረፈህ ገንዘብ ጥቂት መሆኑን፣ «መሬት ላይ መተኛት ለእኔ ምንም አይደለም» ማለትህንም ሰምቻለሁ። እኔም ኮሎራዶ በመጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ይህንኑ ብያለሁ። ገና ሁለት ወር አለህና፣ ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ ወጥቶ ለሚያድር አዳኝ ስለሚሆነው ቀላል ፍራሽ በሃያ ዓመት ያወቅሁትን ልጻፍልህ።

1. ብርድ የሚመጣው ከመሬት መሆኑን ከሁሉ አስቀድመህ እመን።

መንዝ ልጆች ሳለን እናቴ ማታ ማታ መጀመሪያ የምታነጥፍልን አጎዛ ነበር፤ ባናው የሚደረበው ከዚያ በኋላ ነው። ባና ሁለት ሦስት ቢደራረብም አጎዛ ከሌለ ሌሊቱ አይነጋልንም ነበር። ሙቀታችንን መሬት እንዳይወስደው የሚከለክልልን በፀጉሩ መካከል የታሰረው አየር ነው። ዛሬ አንተ በብዙ ዶላር የምትገዛው ፍራሽ ሥራውም ይኸው ነው፦ አየር ማሰር።

ስሊፒንግ ባግህ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ከሥርህ ያለው ላባ በክብደትህ ይደፈጠጣል። የተደፈጠጠ ላባ አየር አይዝም፤ አየር ያልያዘም አያሞቅም። እንግዲህ ከጀርባህና ከመሬቱ መካከል የሚቀረው ፍራሹ ብቻ ነው። ባጉ ላይ የተጻፈው የሙቀት ልክ እንኳ የሚለካው ከሥሩ ጥሩ ፍራሽ ተነጥፎ ነው። ያንኑ ባግ ደካማ ፍራሽ ላይ ብትዘረጋው የተጻፈው ቁጥር ለአንተ አይሠራም። ብዙ ሰው በርዶት ካደረ በኋላ ሄዶ የበለጠ ወፍራም ባግ የሚገዛው ይህን ባለማወቅ ነው።

2. ውፍረቱ አያታልልህ፤ አር ቫልዩውን ጠይቅ።

አር ቫልዩ ማለት ፍራሹ ሙቀትህ ወደ መሬት እንዳያልፍ የሚከላከልበት አቅም ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፍራሹ ይሞቃል። ለበጋና ለዝቅተኛ ቦታ 2 ይበቃል። ፍላት ቶፕስ ግን አምባው ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በሴፕቴምበር ሌሊት የውሃ ኮዳህ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ለዚያ ቢያንስ 4 ያስፈልግሃል፤ ቶሎ የሚበርድህ ከሆነ 5። በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር በጠመንጃ ልትወጣ ካሰብህ ከ6 በታች ያለውን አትመልከት።

ቀድሞ ኩባንያው ሁሉ በየራሱ መንገድ ይለካ ስለነበር ቁጥሮቹን ማወዳደር አስቸጋሪ ነበር። ኤኤስቲኤም ኤፍ3340 የተባለው የጋራ መለኪያ በ2018 ወጣ፤ ከ2020 ጀምሮ የታወቁት አምራቾች ፍራሾቻቸውን በእሱ ለክተው መሸጥ ጀመሩ። ያገለገለ ፍራሽ ከሰው የምትገዛ ከሆነ መቼ እንደተሠራ አጣራ፤ የድሮው 4 ከዛሬው 4 ጋር እኩል ላይሆን ይችላል።

አሁን የእኔን ልንገርህ። በመጀመሪያው ዓመት የገዛሁት ሲነፋ እንደ ቤት ፍራሽ የሚወፍር፣ ሲጠቀለል ግን ከጡጫ ብዙ የማይበልጥ የአየር ፍራሽ ነበር። ሱቁ ውስጥ ተኝቼበት ደስ አለኝ። ውስጡ ባዶ አየር ብቻ መሆኑን ልብ አላልሁም። እንዲህ ባለው ፍራሽ ውስጥ አየሩ ስለሚዘዋወር ሙቀትህን ተቀብሎ ለመሬቱ ያስረክበዋል። ሁለት ሌሊት ጎኔን እያገላበጥሁ፣ ጉልበቴን አቅፌ አነጋሁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ወንዱ ኤልክ እየጮኸ በሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ከዛፎቹ መካከል ወጣ። ዓይኔ በእንቅልፍ እጦት ደክሞ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፍላጻውን ለቀቅሁት። ከትከሻው ጀርባ ማረፍ የነበረበት ሆዱን መታው። ያን ቀንና ማግስቱን ደሙን ተከትዬ ፈለግሁት፤ አላገኘሁትም። የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባሰብሁት ቁጥር ያመኛል። የዚያን ዓመት አደኔን በዚያው አቁሜ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ስለዚህ ስለ ፍራሽ እንዲህ አጥብቄ የምጽፍልህ ለጎንህ ምቾት ብቻ እንዳይመስልህ። ያልተኛ አዳኝ ርቀት ይሳሳታል፤ መታገሥ ሲገባው ይቸኩላል። ዋጋውን የሚከፍለው እንስሳው ነው።

3. የአየሩንና የስፖንጁን ጠባይ ለይ።

ውስጡ ስፖንጅ ያለውና ቫልቩ ሲከፈት ራሱ አየር የሚስበው ዓይነት መኪና አጠገብ ለሚያድር ሰው ግሩም ነው፤ ለጀርባ ግን ይከብዳል። እለፈው።

ተጣጣፊው ስፖንጅ አይቀደድም፣ አይተነፍስም፣ ዋጋውም 50 ዶላር አካባቢ ነው። ግን ስስ ነው፤ ብቻውን ብዙ አያሞቅም። ለምሳሌ ቴርማሬስት ዚ ላይት ሶል የተባለው 410 ግራም ይመዝናል፤ አር ቫልዩው 2 ነው። ከዚያው ኩባንያ ኒዮኤር ኤክስላይት ኤንኤክስቲ የሚባለው የአየር ፍራሽ ደግሞ 7.6 ሴንቲ ሜትር ወፍሮ፣ 370 ግራም ብቻ መዝኖ 4.5 ይደርሳል። ኤክስተርም የሚባለው ወንድሙ በ440 ግራም ገደማ 7.3 ነው። ምስጢሩ ውስጡ ያለው ስስ አንጸባራቂ ሽፋን ነው፤ የሰውነትህን ሙቀት ወደ አንተ መልሶ ይልከዋል፣ አየሩም እንዳይዘዋወር በክፍል በክፍል ያግደዋል። የእነዚህ ዋጋ 200 ዶላር አካባቢ ሆኖ ከዚያም ያልፋል። ስማቸውን የጠራሁት ቁጥር እንድታወዳድርባቸው ነው፤ ሌሎችም ጥሩ አምራቾች አሉ።

እኔ የምመክርህ ሁለቱን አጣምረህ እንድትይዝ ነው፦ 4.5 አካባቢ ያለው የአየር ፍራሽና ከጫፉ ተቆርጦ ከትከሻህ እስከ ዳሌህ የሚደርስ ግማሽ ስፖንጅ። የሁለት ፍራሽ አር ቫልዩ ይደመራል፤ ስለዚህ ሙቀት በብዛት የምታጣበት ጀርባህ ሥር 6.5 አገኘህ ማለት ነው። ቀን ደግሞ ገደሉ አፋፍ ላይ ሰዓታት ተቀምጠህ በመነጽር ስትቃኝ ያ ስፖንጅ መቀመጫህ ይሆናል። እርጥብ ድንጋይ ላይ ሦስት ሰዓት የተቀመጠ ሰው ነው ዋጋውን የሚያውቀው። የአየሩ ፍራሽ ቢቀደድም ባዶ መሬት ላይ አትቀርም። ይህ ሁሉ የሚጨምርብህ 200 ግራም ነው።

4. ክብደት ቀንስ፤ ግን ከሌላ ቦታ።

ትልቅ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ያልፋል፤ አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ብዙ ጊዜ ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ሆናችሁም ደጋግማችሁ ልትመላለሱ ነው። ግራም እየቆጠርህ መግዛትህ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ፍራሽ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአንድ ብርጭቆ ውሃ አይበልጥም። ያን ከተለዋጭ ሱሪው፣ ከሁለተኛው ቢላዋ፣ ከቆርቆሮ ምግቡ ቀንስ።

5. በራስህ ቁመትና አተኛኘት ግዛ።

የተለመደው ስፋት 51 ሴንቲ ሜትር ነው። ትከሻህ እንደ አባትህ ሰፊ ነው፤ በጀርባህ ስትተኛ ክንድህ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ሌሊቱን ሙሉም ከዚያ በኩል ይበርድሃል። 64 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ፈልግ። ርዝመቱ ግን ቢያጥር ግድ የለም፤ እግርህ ሥር ባዶውን ቦርሳ ታነጥፋለህ። በጎንህ የምትተኛ ከሆነ ደግሞ ከ7 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ውፍረት ያስፈልግሃል፤ አለዚያ ዳሌህ መሬቱን ይነካል። ሱቅ ስትሄድ ጋደም ብለህ ወዲያው አትነሣ። ሃያ ደቂቃ በጎንህ ተኛ፣ ተገላበጥ። እንደ ችፕስ ላስቲክ የሚንኮሻኮሽም አለና ጆሮህን ስጠው፤ በጠባብ ድንኳን አጠገብህ የሚተኛው ጓደኛህም ማለዳ ተነሥቶ ቀስት የሚስብ ሰው ነው።

6. መቀደዱ አይቀርምና ተዘጋጅተህ ውጣ።

ቀላል ፍራሽ ሁሉ ጨርቁ ስስ ነው። ድንኳን ከመትከልህ በፊት ቦታውን ተንበርክከህ በመዳፍህ ዳብሰው፤ ኮሸሽላ፣ የቅርንጫፍ ስባሪ፣ ሹል ጠጠር ልቀም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የራስህ ዕቃ ነው። የፍላጻ ስለትና ቢላዋ ወደ ድንኳን አይግቡ፤ ሽፋን ቢኖራቸውም አይግቡ። እሳት አጠገብም አታንጥፈው።

ከተቀደደ ልክ እንደ ጎሚስታ ሁን። ጎሚስታ ካላማዳሪውን ነፍቶ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ እንደሚፈልገው፣ አንተም ፍራሹን ነፍተህ ወንዙ ውስጥ ክፍል በክፍል አጥልቀው። ውሃ ሩቅ ከሆነ ከንፈርህን አስጠግተህ ትንፋሹን ፈልግ። ቀዳዳውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት፣ አድርቀው፣ በአልኮል ጥረገው፣ ከዚያ ማስቲሹንና መለጠፊያውን አድርግ። እርጥብ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ አይይዝም። ይህን ሁሉ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ አትሞክረው፤ ቤትህ ሆነህ መመሪያውን አንብብ።

7. አነፋፉንም እወቅበት።

በአፍህ አትንፋው። ትንፋሽ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሲበርድም ወደ በረዶ ይለወጣል። በዚያ ከፍታ ላይ ገና ስትደርስ መንፋት ራሱ ያዞርሃል። አብሮ የሚሸጠውን የመንፊያ ከረጢት ተጠቀም። እንደ ከበሮ አታወጥረው፤ ዳሌህ መሬት ሳይነካ ጥቂት እስኪሰምጥ ድረስ አሳሳው። ማታ ሲበርድ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራልና ፍራሹ ይላላል። ብዙ ጀማሪ ተቀደደ ብሎ ይደነግጣል። ከመተኛትህ በፊት ጥቂት ጨምርበት፤ ይበቃል። ቀን ደግሞ ነፍተህ ፀሐይ ላይ አትተወው፤ አየሩ ሲሞቅ ሰፍቶ የውስጡን ክፍሎች ሊያላቅቃቸው ይችላል።

8. ስትመለስ አድርቀህ፣ ቫልቩን ከፍተህ፣ ሳትጠቀልል አስቀምጠው።

ከመውጣትህ በፊት አንድ ሌሊት እንድንሞክረው እፈልጋለሁ። ፍልሰታ እንደተፈታ ባለው ቅዳሜ ማታ ፍራሽህንና ባግህን ይዘህ እኛ ቤት ና፤ ጓሮው ሣር ላይ አንጥፈን እናድራለን። ስፖንጁን አትግዛ። ከእኔ ላይ ግማሹን ቆርጬ አስቀምጬልሃለሁ።