የኦሪት መሥዋዕትና የዓረፋ እርድ

በቢቸናና በሞጣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጉን ከአንድ ገበያ ይገዛል፤ የሚያርደው ግን ለየብቻው ነው። በዓረፋ ሰሞን ታዲያ በጎረቤት ጨዋታ መሐል አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ይህ እርዳችሁ የአይሁድ መሥዋዕት ቅሪት አይደለምን? ያ እኮ ድሮ ቀርቷል» ይባላል። ለመመለስ በቅድሚያ የኦሪቱን መሥዋዕት ምንነት ማወቅ ያሻል።

ስሙ በዕብራይስጥም፣ በዐረብኛም፣ በግዕዝም «ቁርባን» ሲሆን ሥሩ «መቅረብ» ነው። ልማዱ ከኦሪትም ይቀድማል። ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሶሪያ ጠረፍ በኡጋሪት ከመሬት የወጡት የሸክላ ጽሑፎች በአካባቢው የነበሩ ጣዖት አምላኪዎች ለመሥዋዕት ተመሳሳይ ቃላት ይጠቀሙ እንደነበር ያሳያሉ። የተለወጠው ትርጉሙ ነው። በባቢሎን አማልክቱ ይመገባሉ ተብሎ ማዕድ ይቀርብላቸው ነበር። በኦሪት ዘሌዋውያን ግን ሕይወት በደም ውስጥ ናት፤ ሕይወትም የፈጣሪ ስለሆነች ሰው ደም አይበላም። ካህኑ በመሠዊያው ላይ የሚረጨው፣ ማስተሰረያም የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛም ሸሪዓ የፈሰሰ ደም ሐራም መሆኑን ልብ ይሏል።

ብዙዎች ከዚህ ተነስተው በኦሪት ያለ ደም ምሕረት አልነበረም ይላሉ። ይሁንና ያው መጽሐፍ በግ ያጣ ድሃ ሁለት ርግብ፣ ርግብም ካጣ ጥቂት ዱቄት እንዲያቀርብና ኃጢአቱ እንዲሰረይለት ይፈቅዳል። ዱቄት ደግሞ ደም የለውም!

በ70 እ.ኤ.አ. ሮማውያን የኢየሩሳሌሙን ቤተ መቅደስ ሲያፈርሱ መሥዋዕቱ ተቋረጠ፤ የአይሁድ ሊቃውንትም ጸሎትን ተኩበት። ሆኖም ሁሉም ዘንድ አልቀረም። ሳምራውያን እስከ ዛሬ በናቡለስ አጠገብ በገሪዚም ተራራ በፋሲካቸው በግ ያርዳሉ። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ከሞጣ ወጥቶ ዓባይን በሰባራ ድልድይ የተሻገረ መንገደኛ ወደ ጎንደር ሲዘልቅ ቤተ እስራኤሎችን በወለቃና በአምቦበር ያገኛቸው ነበር። እነርሱ የግዕዝ ኦሪት እንጂ ተልሙድ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ በፋሲካ ዋዜማ በጸሎት ቤታቸው ግቢ ይሠዉ ነበር። ጸሎት ቤቱን የሚጠሩት «መስጊድ» ብለው ነው፤ ከእኛው «ሱጁድ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡት እነ ፍላድ፣ ከኢየሩሳሌም ውጭ መሠዋት በኦሪታችሁ የተከለከለ ነው እያሉ ይሞግቷቸው ነበር። በ1904 እ.ኤ.አ. የመጣው አይሁዳዊው ዣክ ፋይትሎቪችም ቢሆን መሥዋዕቱን እንዲተዉ ገፋፋቸው። ልማዱ ቀስ በቀስ ተመናመነ፤ ብዙዎቹም በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

እንግዲህ ወደ ጎረቤታችን ጥያቄ እንመለስ። ኡድሂያ መሠዊያም ሆነ ካህን የለውም፤ ደሙም ተረጭቶ ኃጢአት አይታጠብበትም። የነቢዩላህ ኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) መታዘዝ ማስታወሻ ነው። ከኦሪቱ ጋር ይቀራረባል ከተባለም፣ በእኔ ግምት፣ ባለቤቱ ራሱ ከሥጋው ከሚበላው የደኅንነት መሥዋዕት ጋር ነው። ቁርኣንም በሱረቱል ሐጅ 37ኛው አንቀጽ ወደ አላህ (ሱ.ወ.) የሚደርሰው የባሪያው ተቅዋ እንጂ ሥጋውና ደሙ አለመሆኑን ይገልጻል። ሥጋው እዚሁ ይቀራል፤ በብዙ ኡለማዎች ምክር መሠረትም ሲሶው ለቤተሰብ፣ ሲሶው ለዘመድና ለጎረቤት፣ ሲሶው ለድሃ ይከፋፈላል።