ስትሮኩ ሲቀየር የማይፈርስ ሞተር በካድ መሳል

ለክፍል ፕሮጀክት «የሞተር ክፍሎችን በካድ ሳሉ» ስትባሉ ልባችሁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ትልቁ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ፣ ቪ8፣ ቱርቦ ያለው። ተዉት። ገና ቫልቩን ስትስሉ ሴሚስተሩ ያልቃል። አንድ ሲሊንደር ያለው ትንሽ የቤንዚን ሞተር ይበቃል፤ የእኔ ምርጫ የሆንዳ ጂኤክስ 160 ነው። በመስኖ ውኃ መሳቢያ፣ በጄኔሬተርና በግንባታ ቦታ ማሽኖች ላይ በየቀኑ ታዩታላችሁ፤ 168ኤፍ ተብሎ የተጻፈባቸው የቻይና ሞተሮችም በእሱ አምሳል የተሠሩ ናቸው። የሞተ አንድ ፈልጋችሁ ከጋራዥ ወይም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ግዙ።

ቦሩ 68 ሚሊ ሜትር፣ ስትሮኩ 45፣ ይዘቱ 163 ሲሲ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጂኤክስ 200 ደግሞ ቦሩ ያው 68 ሆኖ ስትሮኩ 54 ስለሆነ 196 ሲሲ ይደርሳል። ይህን ልዩነት ያዙት። ለዓይን ሞተር የሚመስል ነገር መሳል ከባድ አይደለም፤ የሥራችሁ ጥራት የሚለየው መምህሩ መጥቶ «እስቲ ስትሮኩን 54 አድርጉልኝ» ሲል ነው። አንዱ ቡድን ቁጥሩን ለውጦ ይጠብቃል፣ ሞዴሉ ራሱን ያስተካክላል። የሌላው ቡድን ስክሪን በስሕተት ምልክት ይሞላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከመጀመሪያው ቡድን እንድትሆኑ ነው።

ሞተሩን ፍቱና በናፍጣ እጠቡ፣ ከዚያ ለኩ። የለካችሁትን ሁሉ ግን አትመኑ። ያገለገለ ፒስተን ተበልቷል፤ 67.9 ብላችሁ ብታነቡ ያንን ቁጥር ወደ ኮምፒውተር አታስገቡ። አዲሱ ሲሊንደር 68.000፣ ስከርት የሚባለው የፒስተኑ የታች ክፍል ደግሞ 67.985 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የመቶኛ ሚሊ ሜትር ጉዳይ ስለሆነ የተበላ ዕቃ ልክ ሁሉንም ያዛባዋል። ካሊፐሩን የምታሳርፉበት ቦታም ለውጥ አለው። ፒስተን ፍጹም ክብ አይደለም፣ በፒኑ አቅጣጫ ጠበብ ይላል፤ ስለዚህ ስከርቱን ከፒኑ ጋር ዘጠና ዲግሪ በሚሠራው አቅጣጫ ለኩ። ከላይ ያለው ጫፉም ከታቹ ይጠባል፣ እሳቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ ሲግል እንዲሰፋ ቦታ ተትቶለታል። ለክፍል ሥራ ቀጥ ያለ ሲሊንደር አድርጋችሁ ብትስሉት ማንም አይቆጣም፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አንድ መስመር ጻፉበት።

ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ቢየላ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል ያለውን ርቀት ካሊፐር በቀጥታ አይለካላችሁም። ክዳኑን በቦልቶቹ አጥብቃችሁ የሁለቱን ቀዳዳዎች ቅርብ ለቅርብ ያሉ ጠርዞች ለኩ፣ ከዚያ የሁለቱን ዲያሜትር ግማሽ ግማሽ ደምሩበት። ትንሹ ቀዳዳ 18፣ ትልቁ 30 ስለሆነ የምትደምሩት 9 እና 15 ነው፣ በአንድ ላይ 24። ከዚያ በተቃራኒው ሩቅ ለሩቅ ያሉትን ጠርዞች ለኩና 24 ቀንሱ። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ ካሊፐሩን ያጋደለ እጅ አለ ማለት ነው፣ ድገሙት።

አሁን ሶሊድዎርክስን ወይም ካቲያን ከፍታችሁ ፒስተን ለመሳል እጃችሁ ይቸኩላል። ቆዩ። ከማንኛውም ክፍል በፊት አንድ አጽም ሳሉ፦ ከክራንኩ መሐል የሚነሳ አጭር መስመር፣ ከጫፉ የሚቀጥል የቢየላው ርዝመት፣ መጨረሻው ላይ በሲሊንደሩ መስመር ላይ ብቻ እንዲሄድ የታሰረ ነጥብ። በቃ። ይህን የማደርገው ማንም አስተምሮኝ ሳይሆን ስለሚያሳርፈኝ ነው። አጭሩ መስመር 22.5 መሆን አለበት፣ የስትሮኩ ግማሽ። እዚህ 45 የሚጽፍ ተማሪ በየክፍሉ አይጠፋም፤ የሱ ፒስተን 90 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፣ ታዲያ ይህ የሚታወቀው ሁሉም ተስሎ ካለቀ በኋላ ነው። አጽሙን በማውስ ያዙና አዙሩት። ነጥቡ በጠቅላላው 45 መሄድ አለበት። ክራንኩ ከላይ ተነስቶ ዘጠና ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ፒስተኑ ከ22.5 በላይ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ቢየላው ስለሚጋደል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ፕሬዘንቴሽን ላይ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል።

ስትሮክ የሚባል ተለዋዋጭ ፍጠሩ፣ 45 ስጡት፣ የክራንኩን ክንድ «ስትሮክ ሲካፈል ለ2» ብላችሁ እሰሩት። ሶሊድዎርክስ ላይ ኢኩዌሽን ውስጥ ነው። ላይሰንስ የሌላችሁ ፍሪካድን በነጻ አውርዱ፣ እዚያ በስፕሬድሺት ይሠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ስኬች ነው፣ እኔንም ያስለቀሰኝ እሱ ነው። በሶሊድዎርክስ ስኬች ላይ ሰማያዊ መስመር ገና ያልታሰረ ነው፣ ጥቁር ሙሉ በሙሉ የታሰረ ነው፣ ቀይ ወይም ቢጫ ካያችሁ እርስ በርሱ የሚጣላ ልክ ሰጥታችኋል። ሰማያዊ መስመር ሲታይ ትክክል ይመስላል። ክቡ ክብ ነው፣ ቀዳዳው ቦታው ላይ ነው፣ ኤክስትሩድ ብትሉት እሺ ይላል። ለዚህ ነው የሚያታልለው። ቢየላውን በሰማያዊ መስመር ሠርታችሁ ርዝመቱን ስትቀይሩ ትልቁ ቀዳዳ ይሄዳል፣ ዙሪያው ያለው ሥጋ ባለበት ይቀራል፣ ቀዳዳው ግድግዳውን በስቶ ይወጣል። አንድ ነገር ልማድ አድርጉ፦ ስኬቹን ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን መስመር በማውስ ያዙና ጎትቱት። ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ምንም ነገር እስከማይነቃነቅ ድረስ አትውጡ።

ለማሰር ደግሞ ቁጥር ብቻ አትደርድሩ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ከሆኑ «ሲሜትሪክ» በሉ፣ ቀዳዳውና የውጭው ክብ አንድ መሐል ካላቸው «ኮንሴንትሪክ» በሉ፣ መስመሩ ክቡን የሚነካ ከሆነ «ታንጀንት» በሉ። ቢየላ በዚህ መንገድ ሲሠራ ከአምስትና ስድስት ልክ አያልፍም። ሃያ ልክ የደረደረ ሰው አንዱን ሲቀይር አሥራ ዘጠኙ ይጮኹበታል።

መነሻ ነጥቡንም፣ ኦሪጅን የሚባለውን፣ እንደመጣ አትተዉት። ክራንኩ ላይ የመዞሪያው መሐል ላይ ይሁን፣ ፒስተኑ ላይ የፒኑ መሐል ላይ፣ ቢየላው ላይ የትልቁ ቀዳዳ መሐል ላይ። ልኮችን ከጠርዝ አትስጡ። በተለይ በኋላ ፊሌት ከሚገባበት ጠርዝ በፍጹም፤ ፊሌቱ ሲገባ ጠርዙ ይጠፋል፣ እሱን ተደግፎ የቆመው ሁሉ አብሮት ይወድቃል። ፊሌትና ቻምፈር የመጨረሻ ሥራ ናቸው። ስኬች ውስጥ ሳይሆን ከላይ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ።

ይህን ካለፋችሁ የቀረው ይቀላል። ፒስተኑ ግማሽ ቅርጹ ተስሎ ሪቮልቭ ይደረጋል፣ ፒኑ ሁለት ክብና አንድ ኤክስትሩድ ነው። ኩሽኔታውን አትሳሉት፤ ጎኑ ላይ 6205 የሚል ቁጥር አለ፣ የውስጡ 25፣ የውጭው 52፣ ስፋቱ 15 ነው፣ ከላይብረሪ አውጡት። በቢየላው ክዳን ላይ ወደ ታች የወጣችውን ትንሽ ምላስ ግን አትርሷት። ይህ ሞተር የዘይት ፓምፕ የለውም፣ ዘይቱን እያጠለቀች የምትረጨው እሷ ናት፤ ያለ እሷ የተሳለ ቢየላ ዕቃውን በእጁ ያልያዘ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

ፋሻዎቹ ሦስት ናቸው፣ ሁለት የኮምፕሬሽን፣ አንድ የዘይት። ከፒስተኑ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ፋሻ ይከፈታል፣ ዲያሜትሩ ከ68 ይበልጣል። በዚያ ልክ ከሳላችሁት አሴምብሊ ላይ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ሲሊንደር ውስጥ ተጨምቆ በሚኖረው መጠን ሳሉት፦ የውጭው 68፣ ጫፍና ጫፉ መካከል ጠባብ ክፍተት።

አሴምብሊ ላይ መጀመሪያ የምታስገቡት ክራንክኬዙን ነው፣ የሚቆመውም እሱ ብቻ ነው። ክራንክሻፍቱን ከኩሽኔታው፣ ቢየላውን ከክራንክ ፒኑ፣ ፒስተኑን ከቢየላው፣ በመጨረሻም ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር ኮንሴንትሪክ አድርጉ፤ ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ መሐላቸውን አስተካክሉ። ከዚህ በላይ ሜት፣ ማለትም ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያስር ማሰሪያ፣ አትጨምሩ። ፈተናው የሚመጣው ለፎቶ ነው፦ ፒስተኑን ጫፍ ላይ አቁማችሁ ለማንሳት የፒስተኑን አናት ከሲሊንደሩ አናት ጋር በኮይንሲደንት ታስሩታላችሁ፣ ትረሱታላችሁ፣ ከዚያ ክራንኩ አልዞር ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ሜት ካስገባችሁ «ለፎቶ» ብላችሁ ስም ስጡትና ሲያልቅ ሰፕረስ አድርጉት።

አሁን ስትሮኩን 54 አድርጉ። ሁሉም በትክክል ከታሰረ ክራንኩ ክንዱን ወደ 27 ያረዝማል፣ ምንም አይፈርስም፣ ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ አናት በ4.5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይወጣና ቴስታታውን ይወጋል። አትደንግጡ፣ ሞዴሉ እውነቱን ነው የነገራችሁ፤ ክንዱ በጨመረው ልክ ፒስተኑ ከላይም ከታችም ይጨምራል። ወይ ቢየላው ማጠር አለበት፣ ወይ የፒኑ ቀዳዳ በፒስተኑ ላይ ወደ አናቱ መጠጋት አለበት፣ ወይ ሲሊንደሩ መርዘም አለበት። የትኛውን እንደምትመርጡና ለምን እንደሆነ አንድ ገጽ ጻፉ። እኔ ውጤት ሰጪ ብሆን ግማሹን ነጥብ የምሰጠው ለዚያች ገጽ ነው። ከመለወጣችሁ በፊት ግን ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት።

ድሮዊንግ ሺቱ ላይ ሦስት ነገር ብቻ። ቴምፕሌቱ በኢንች ይሁን በሚሊ ሜትር፣ ፈርስት አንግል ይሁን ሰርድ አንግል ከመጀመሪያው አረጋግጡ፤ ሶፍትዌሩ ሲጫን የተመረጠው መምህራችሁ ካስተማራችሁ ጋር ላይገጥም ይችላል። ሴክሽን ስትቆርጡ ፒን፣ ሻፍትና ቦልት በርዝመታቸው ቢቆረጡም ሃች አይደረግባቸውም፣ ኮምፒውተሩ ግን ካልነገራችሁት ሁሉንም ያሰምራል። ቶለራንስ የሚጻፈው ተንሸራታች ወይም ተጣባቂ ነገር ባለበት ነው። የፒኑ ቀዳዳ ላይ 18 ኤች7 ብትሉ ከ18.000 እስከ 18.018 ማለታችሁ ነው፤ የክራንክኬዙ የውጭ ግድግዳ ላይ ያንን ብትጽፉ ግን ቶርኖ የሚሠራው ሰው ይስቅባችኋል።

ስለ ፋይሉ ደግሞ ይህን ስሙኝ። የአሴምብሊ ፋይል ክፍሎቹን በውስጡ አልያዘም፣ የት እንዳሉ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሱን ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ወደ ክፍል ከሄዳችሁ ባዶ ስክሪን ይከፈታል። «ፓክ ኤንድ ጎ» የሚለውን ተጠቀሙ፣ ሁሉንም በአንድ ፎልደር ይሰበስበዋል። ቤት ባለው አዲስ ቨርዥን የተሠራ ፋይል በላቡ አሮጌ ቨርዥን ላይ እንደማይከፈትም አትርሱ፤ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የላቡን ቨርዥን ጠይቁና የቡድኑ አባላት ሁሉ ያንኑ ጫኑ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል አውቶ ሴቩን ወደ አምስት ደቂቃ አውርዱት። ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ደግሞ ድሮዊንጎቹን በፒዲኤፍ፣ ክራንኩ ሲዞር የሚያሳየውን በቪዲዮ አውጥታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ ላቡ ያለው ኮምፒውተር እምቢ ቢል የምታሳዩት አላችሁ።