በትንሽ አሳታሚ ቤት የመጀመሪያው ቀን፦ ሠልጣኝ ምን ይዞ ይግባ?



ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤት የሚላክ ሠልጣኝ የሚጠብቀውን ያውቃል። ጠመኔው አለ፣ ሰሌዳው አለ፣ የትምህርት ዕቅዱ አለ። ወደ ትንሽ አሳታሚ ቤት የሚሄደው ግን ግራ ይገባዋል። «እኔ ለመምህርነት የምማር፣ ማሽን የማላውቅ፣ እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ ነው?» ይላል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ሀ. አሳታሚና ማተሚያ ቤት

ለመሆኑ አሳታሚና ማተሚያ ቤት አንድ ናቸውን? አይደሉም። ማተሚያ ቤት ማለት ማሽኑ ያለበት፣ ወረቀቱ የሚታተምበት፣ የሚታጠፍበትና የሚጠረዝበት ነው። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። አሳታሚ ግን ረቂቁን ከደራሲው ይቀበላል፣ ያርማል፣ ሥዕል ያሠራል፣ የኅትመቱን ወጪ ይችላል፣ መጽሐፉንም ለገበያ ያደርሳል። በ1970ዎቹ ብዙ ልብ ወለዶችን ያወጣው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የዚህ ዓይነት ነበር።

በትልቅ ድርጅት አርታኢው ሌላ፣ አራሚው ሌላ ነው። በትንሹ ግን ሁለት ሦስት ሰዎች ሁሉንም ይሠራሉ። ስለሆነም ተለማማጁ ካነበበ በኋላ ሌላ የሚያነብ ዐይን ላይኖር ይችላል። የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ነው።

ለ. የመጀመሪያው ቀን ሥራ

በዳዋ ጨፋ ያደገች፣ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛም የምትናገር አንዲት ሠልጣኝ እናስብ። በመጀመሪያው ቀን አርታኢው በሁለቱ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ባለ 32 ገጽ የልጆች መጽሐፍ ለእርማት ይሰጧታል።

«ጋሼ፣ ምኑን ልይልዎት?»

«ሁሉንም እዪው፣ ልጄ። ግን አትቸኩዪ። የለመድሽውን ቃል ዐይንሽ ዘሎት ያልፋል።»

እውነታቸውን ነው። ዐይን የሚጠብቀውን ያያል እንጂ የተጻፈውን ሁልጊዜ አያይም። ስለዚህ እርማት እንደሚከተለው ይሠራል፦

1. አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው በታተመው ላይ በጣት ወይም በማስመሪያ ይከተላል።
2. ከዚያ ብቻን እንደገና ይነበባል። በዚህ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ እንዲታይ የቀረው በወረቀት ይሸፈናል።
3. በሦስተኛው ዙር ጽሑፉ ይተውና አርእስት፣ የገጽ ቁጥርና በየሥዕሉ ሥር ያለው ቃል ብቻ ይታያል። ብዙ ስሕተት የሚደበቀው እዚያ ነውና።
4. ያልገባ ነገር በራስ ሥልጣን አይለወጥም። በኅዳጉ ላይ ምልክት ይደረግና ይጠየቃል። በተለይ የአካባቢ ቃል ሲገጥም «ስሕተት ነው» ብሎ መሰረዝ አይገባም፤ ደራሲው ሆን ብሎ የጻፈው ሊሆን ይችላል።

እርማት በጊዜው ማለቅ አለበት። ለምን ቢሉ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለት በኩል ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል እንበል፤ 32 ገጽ ማለት ሁለት ወረቀት ነው። በመጨረሻ ሰዓት አንድ አንቀጽ ተጨምሮ 33ኛ ገጽ ቢመጣ የወረቀቱም የገንዘቡም ሒሳብ ተበላሸ ማለት ነው።

ሐ. አንድ ፊደል ምን ታመጣለች?

«አንድ ፊደል ብትሳሳት ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እንየው። በኦሮምኛ «ረፉ» መተኛት ነው። የመጀመሪያው አናባቢ ሲረዝም «ራፉ» ይሆናል፤ ይኸውም ጎመን ነው። በ1984 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የቁቤ አጻጻፍ የሁለቱ ልዩነት አንዲት የተደገመች ፊደል ብቻ ናት። እሷ ከጎደለች ጎመን የተባለው መተኛት ይሆናል፤ ከተጨመረች ደግሞ እንቅልፍ የፈለገው ልጅ ጎመን ፈላጊ ሆኖ ይቀራል!

አማርኛም የራሱ ችግር አለው። «ይመታል» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሰውዬው መቺ ነው ወይስ ተመቺ? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ መልሱን የሚሰጠው ዐረፍተ ነገሩ ነው። ለጀማሪ ልጅ የሚጻፍ ዐረፍተ ነገር ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንዲያስረዳ ሆኖ መጻፍ አለበት። እንዲህ ያለውን የሚይዘው ማሽን ሳይሆን ቋንቋውን ከእናቱ የተማረ ጆሮ ነው።

አዋቂ ስሕተት ቢያጋጥመው ስቆ ያልፋል። ልጅ ግን አያልፍም። እናቱ በትክክል የነገረችውን ትቶ «መጽሐፉ ላይ እንዲህ ነው» ይላል። ታዲያ 1000 ቅጂ ቢታተም ያንን ስሕተት የሚያጠናው ስንት ልጅ ነው? ከታተመ በኋላ በየቤቱ ዞሮ ማረም አይቻልም።

መ. ጆሮዋን ይዛ የመጣች ተማሪ

ለዚህ ከታሪክ ምስክር አለን። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት የተያዘች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር አሻግረው ሊሸጧት ሲወስዷት የኢጣሊያ መርከበኞች ነፃ አወጧትና ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያው አነስተኛ ማተሚያ ነበር። በዚያ በትርጉም ሥራ ላይ የነበረው ኦኔሲሞስ ነሲብ የቋንቋ ችሎታዋን አይቶ የኦሮምኛ ቃላት እንድትሰበስብለት አደረገ።

አስቴር ወደዚያ ሥራ ስትገባ ምን ይዛ ነበር? ንብረት የላት፣ ዘመድ አጠገቧ የለ። የያዘችው ጆሮዋንና ትዝታዋን ነው። 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 እምኩሉ ላይ በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማስጀመሪያ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ከአገሯ የነጠቋት ልጅ የአገሯን ተረት ለንባብ አበቃች። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳም መምህርት ሆነች።

ሠ. ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው፣ ወደ አሳታሚ ቤት የሚገባ ሠልጣኝ ባዶ እጁን አይገባም። ከከሚሴ፣ ከባቲ፣ ከአርጡማ የሚሄድ ሁለት ቋንቋ ይዞ ይሄዳል፤ አያቱ ምሽት ላይ ያወሩለትንም ተረት ይዟል። ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም። ልጆቹ እንዴት እንደሚናገሩና የትኛው ቃል እንደሚያደናቅፋቸው የሚያውቀው ግን መምህሩ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሻይ ለማመላለስ ብቻ የመጣ አይምሰለው። በዝግታ ያንብብ፣ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ያልገባውን ይጠይቅ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መጥበቅና መላላት ትርጉማቸውን የሚለውጣቸው አምስት የአማርኛ ቃላት ፈልጉ። እያንዳንዱን አንድ ትርጉም ብቻ በሚሰጥ ዐረፍተ ነገር አግቡት።
2. ከቤተሰባችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት በተነገረበት ቋንቋ ጻፉ። ጓደኛችሁ ጮክ ብሎ ሲያነበው የተደናቀፈበትን ቦታ አስምሩበት።
3. የሚቀጥለው የግድግዳ ጋዜጣ ከመለጠፉ በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ከላይ በተገለጸው መንገድ አርሙት። በሦስተኛው ዙር ስንት ስሕተት አገኛችሁ?