ዲጂታል ካርታና ጋዜጠኛው፦ ወለጋን በምሳሌነት

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ከክልሎች ትልቁን ድርሻ የያዘው ኦሮሚያ ሲሆን፣ እኛ የምንኖርበት የክልሉ ምዕራባዊ ክፍል ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር።

እንዲህ ያለ ቁጥር ዜና ክፍል ሲደርስ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የት የት ነው?» የሚል ነው። በመጀመሪያ ዓመት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ብለን ተምረናል። ከእነዚህ ውስጥ «የት» የሚለውን ብዙ ጊዜ በአንድ የቦታ ስም ብቻ ዘለል አድርገን እናልፈዋለን። ዛሬ ግን በነፃ የሚገኙ የካርታ ሶፍትዌሮች ስላሉ ማንኛውም ተማሪ ቁጥሩን በካርታ ላይ አስቀምጦ ማሳየት ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጂኦግራፊ ትምህርት መስጠት አይደለም። ለዚያ ሌላ ዲፓርትመንት አለ። እኔ ማሳየት የምፈልገው ካርታም እንደ ማንኛውም የዜና ምንጭ መመርመር እንዳለበት ነው። ባለሥልጣን ሲናገር «ከየት አመጡት?» ብለን እንጠይቃለን። ካርታ ሲቀርብልን ግን፣ በተለይ በቀለም ያማረ ከሆነ፣ አሜን ብለን እንቀበላለን። ምሳሌዎቼን የወሰድኩት ለሁለተኛ ዓመት የክፍል ሥራ በኮምፒውተር ከሞካከርኳቸው የወለጋ ካርታዎች ነው።

1. ካርታው ከምን ይሠራል?

ዲጂታል ካርታ እንደ ወረቀት ካርታ አንድ ሥዕል ብቻ አይደለም። አንዱ በሌላው ላይ የተነባበሩ መረጃዎች ስብስብ ነው። ከታች የከፍታ መረጃ፣ በላዩ ወንዞች፣ ከዚያ መንገዶች፣ ከዚያ የወረዳ ወሰኖች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምሳሌ የጤና ጣቢያዎች ነጥብ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ንብርብር (በተለምዶ ሌየር የምንለው) የራሱ ምንጭና የራሱ ዕድሜ አለው። ጋዜጠኛው መጠየቅ ያለበትም ስለ እያንዳንዱ ለየብቻ ነው።

ከመሣሪያዎቹ መካከል ለተማሪ የሚመቸው ኪውጂአይኤስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ ሲሆን ክፍያ የለውም። መንገድና ቤት ከኦፕንስትሪትማፕ ማግኘት ይቻላል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሞሉት የዓለም ካርታ ነው። የከፍታ መረጃው ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ለ11 ቀናት ምድርን እየዞረች በራዳር የለካችው ነው። ዛሬ ይህ መረጃ በ30 ሜትር በ30 ሜትር ተከፋፍሎ ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣል።

2. ነጥብን በቦታው ማስቀመጥ

ነቀምት በግምት በ9 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ36 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን ቁጥሮች ቦታ አለዋውጦ የሚያስገባ ሰው ነቀምትን ሰሜን ቱኒዝያ ውስጥ ያገኛታል። ይህኛው ስህተት ወዲያው ስለሚታይ ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ለወለጋ ሰው በተለይ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ዩቲኤም የሚባለው የሜትር አለካክ ዓለምን ስድስት ስድስት ዲግሪ ስፋት ባላቸው ዞኖች ይከፍላል (ዞን ስል የአስተዳደሩን ዞን ማለቴ አይደለም)። ዞን 36 በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ያበቃል፤ ከዚያ ዞን 37 ይጀምራል። ይህ መስመር የሚያልፈው በነቀምትና በጊምቢ መካከል ነው! ስለዚህ ነቀምት ዞን 37 ውስጥ ስትሆን ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎ ዞን 36 ውስጥ ናቸው። ሰንጠረዡ የዞኑን ቁጥር ካልጻፈና ሁሉንም በ37 ካስገባነው ምን ይፈጠራል? ሆን ብዬ ሞከርኩት። ጊምቢ ስድስት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ተስፈንጥራ ሐረር አጠገብ ቁጭ አለች። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው።

ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ የሚያሳስት ነው። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ያሳተማቸው የቆዩ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ ላይ የተለኩ ናቸው። የስልካችን ጂፒኤስ ግን የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። 200 ሜትር በአገር ካርታ ላይ ምንም አይደለም። በሰፈር ደረጃ ግን አንድን ትምህርት ቤት ከወንዝ ወዲህ ወይም ወዲያ ማድረግ ይችላል።

3. ስምና ወሰን

ቁጥር ከካርታ ጋር የሚጋጠመው ብዙ ጊዜ በስም ነው። በአንዱ ሰንጠረዥ «ነቀምት»፣ በሌላው «ነቀምቴ» ተብሎ ከተጻፈ ለኮምፒውተሩ ሁለት ከተሞች ናቸው። በቁቤ የተጻፈው ሲጨመርበት ሦስት ይሆናሉ። በቡና ንግድ ዓለም ደግሞ የምዕራቡ ቡና የሚታወቀው «ለቀምት» በሚል ነው። ከጊምቢ አካባቢ የመጣ ቡና በዚህ ስም ሲሸጥ፣ በሽያጭ ሰነድ ላይ ተመሥርቶ የሚሠራ ካርታ ቡናውን ሁሉ ነቀምት ከተማ ላይ ሊከምረው ነው። ስሙ ላልተጋጠመ ወረዳ ሶፍትዌሩ «አላገኘሁም» ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ቦታውን ሳይቀባ ይተወዋል።

ወሰንም ይለወጣል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ምሥራቅ ወለጋና ምዕራብ ወለጋ ብቻ ነበሩ። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሲደረግ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋና ቄለም ወለጋ ተጨምረው አራት ሆነዋል። ሁለቱን ቆጠራዎች ዞን በዞን ያነጻጸረ ሰው «የምሥራቅ ወለጋ ሕዝብ ቀነሰ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሕዝቡ ግን የትም አልሄደም፤ የተለወጠው ወሰኑ ነው።

4. ወባና ከፍታ

አሁን ወደ ትንተናው እንምጣ። በአገራችን የወባ መከላከል ሥራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው መሬት ለወባ የተጋለጠ ተደርጎ ሲወሰድ ቆይቷል። ምክንያቱ የሙቀት መጠን ነው። አንድ ሺህ ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ብርድ ሲሆን የወባው ተሕዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ጊዜ ይፈጅበታል፤ ከተወሰነ በታች ሲወርድም ትንኟ ቀድማ ትሞታለች።

ኪውጂአይኤስ ላይ የከፍታውን መረጃ ከፍቼ ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን በአንድ ቀለም እንዲቀባ አዘዝኩት። ነቀምት ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብላ ታየች። ሻምቡ በጣም ከላይ ናት። ከነቀምት ወደ ጊምቢ ሲኬድ የሚወረድበት የዴዴሳ ሸለቆ ግን እንደ ሰፊ ምላስ ገብቶ ሁሉም ቀለም ተቀብቷል። መንገደኛ በአውቶቡስ ሲወርድ በሙቀቱ የሚያውቀውን ነገር ካርታው በአንድ ዓይን አሳየኝ። በላዩ የመንገዶችን ንብርብር ሲጨምሩበት ደግሞ ከአስፋልት ርቀው ቆላ ውስጥ ያሉት ቦታዎች ይለያሉ። ለዘጋቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መኪናና የውሎ አበል ለአንድ ቀን ብቻ ካለው የት ሄዶ መጠየቅ እንዳለበት ይጠቁመዋል።

ሆኖም መስመሩ ግንብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። በዚያን ጊዜ በሽታው ከ2,000 ሜትር በላይም ወጥቷል። ነቀምት ላለ ሰው «ከመስመሩ በላይ ነህና አትስጋ» የሚል ካርታ አደገኛ ነው።

5. ብዛት ወይስ ምጣኔ?

ለምሳሌ ያህል ሁለት ወረዳዎች እናስብ። አንደኛው 200,000 ሕዝብና 2,000 ሕሙማን፣ ሁለተኛው 40,000 ሕዝብና 800 ሕሙማን አሉት እንበል። በብዛት ከቀባን የመጀመሪያው ደማቅ ቀይ ይሆናል። ለሺህ ሰው ስናካፍለው ግን የመጀመሪያው 10፣ ሁለተኛው 20 ነው። የባሰበት ትንሹ ወረዳ ነው ማለት ነው። በብዛት ብቻ የተቀባ ካርታ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ሰው የት እንደሚበዛ እንጂ በሽታው የት እንደበረታ አይደለም።

ታዲያ ለማካፈል የሕዝብ ቁጥር ያስፈልጋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ብሔራዊ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዝሟል። በዚያ ቆጠራ ነቀምት 75,219 ነዋሪዎች ነበሯት። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። በአካባቢያችን ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ተፈናቅሎ ከወረዳ ወረዳ ሄዷል። ስለዚህ ምጣኔ ስንጽፍ «በትንበያ ላይ የተመሠረተ» የሚለውን ቃል ከካርታው ሥር ማስቀመጥ ግዴታችን ነው።

6. ነጭ ቦታ ምን ማለት ነው?

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በወባ ካርታ ላይ ሳይቀባ ነጭ ሆኖ የቀረ ወረዳ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሕመምተኛ የለም። ሁለተኛው ሪፖርት የለም። ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንባቢ ግን ነጭ ሲያይ «ደህና ናቸው» ብሎ ያልፋል።

ወለጋ ውስጥ ይህ የመጽሐፍ ምሳሌ አይደለም። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በኋላም በጸጥታው ችግር ምክንያት ሥራ ያቆሙ ጤና ኬላዎች ነበሩ። የተዘጋ ጤና ኬላ ሕመምተኛ አይመዘግብም። ስለዚህ እርዳታ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቦታ በካርታው ላይ በጣም ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ካርታውን ያየ ኃላፊም አጎበሩንና መድኃኒቱን ቀይ ወደሆነው ብቻ ይልካል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መረጃ የሌለውን ቦታ በነጭ ሳይሆን በግራጫ ወይም በሰረዝ መቀባት፣ በካርታው ቁልፍም «መረጃ አልደረሰም» ብሎ መጻፍ።

በከተማም ያው ነው። ጨለለቂን ስልኬን ይዤ በእግሬ ዞሬ የመንገድ መታጠፊያዎችንና ቦኖዎችን መዝግቤ ነበር። የሳተላይቱ ፎቶ ቆርቆሮውን ሁሉ ያሳያል፤ ቦኖው ውሃ ይኑረው አይኑረው ግን አይናገርም። ያንን የነገሩኝ ጄሪካን ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች ናቸው።

7. የሰው ምሥጢር

ነጥብ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። ሃያ ቤት ባለበት መንደር የአንድን ሕመምተኛ ቦታ በነጥብ ማሳየት ስሙን ከመጻፍ አይተናነስም። የተፈናቃዮችን መጠለያ በትክክለኛ ቦታው ማውጣትም ሰውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በቀበሌ ወይም በወረዳ ደምሮ ማቅረብ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ካርታ ከማተማችን በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ብንጠይቅ ጥሩ ነው እላለሁ፦

- እያንዳንዱ ንብርብር ከየት መጣ? የመቼስ ነው?
- የዩቲኤም ዞኑና የአለካክ መነሻው ተጽፏል?
- ሳይጋጠም የቀረ ስም አለ? ወሰኑ የየትኛው ዓመት ነው?
- የተቀባው ብዛት ነው ወይስ ምጣኔ? አካፋዩስ ቆጠራ ነው ወይስ ትንበያ?
- ነጩ ቦታ ዜሮ ነው ወይስ ዝምታ?
- በካርታው የሚጎዳ ሰው አለ?

ኢንተርኔት በሌለበት ቀን እንኳ ኪውጂአይኤስ አንዴ ከተጫነ ይሠራል፤ የከፍታው መረጃም በፍላሽ ይዞራል። የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ከጂኦግራፊ ተማሪዎች ጋር ሁለት ሁለት ሆነን ብንሠራ እነሱ ዞንና መነሻውን ያስተካክሉልናል፤ እኛ ደግሞ ግራጫ የቀሩት ወረዳዎች ዘንድ ደውለን ለምን ዝም እንዳሉ እንጠይቃለን። በሚቀጥለው ሴሚስተር ይህን ለመጀመር ፈቃደኛ የሆነ ካለ እኔ አንድ ብያለሁ።